የጣና ደሴቶች የወፍ ጎጆ ሰፈር፦ ሳያስደነግጡ መቁጠር፣ ሳይነኩ መጠበቅ

ቁራ ጎጆ የሚዘርፈው ታቃፊው ወፍ ሲነሳለት ነው። ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ኮርሞራንቱም፣ ሳቢሳውም፣ አይቢሱም (ሁሉም የውሃ ዳር ወፎች ናቸው) ግር ብለው ይነሳሉ። ቁራው ግን ከቅርንጫፉ አይነቃነቅም፤ እሱ የሚጠብቀው ይኼንኑ ነው። በዚያች አምስት ደቂቃ የሚጠፋው እንቁላል አርጃኖ በሳምንት ከሚወስደው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የጎጆ ሰፈር ጠባቂ የመጀመሪያ ሥራ ራሱን መጠበቅ ነው፦ ጥቂት ጊዜ መሄድ፣ በሄደ ቁጥር ግን ያንኑ ነገር በዚያው መንገድ ማድረግ።

ጎጃም የውቅያኖስ ዳርቻ ባይኖረውም የባሕር ወፍ ጥበቃ ዘዴ ለጣናም ይሠራል። ደሴት የትም ቢሆን ጠባዩ አንድ ነው። ወፎች የሚጠጋጉበት አውሬ ስለማይበዛበት ነው፤ ተጠጋግተው ስለሚራቡም በአንድ ቀን የሚደርስ ጥፋት የዓመቱን ትውልድ ይወስዳል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለና 37 ያህል ደሴቶች የያዘ ሐይቅ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት (ሰውና ተፈጥሮ አብረው እንዲኖሩ የሚጠበቅ ክልል ሆኖ) ተመዝግቧል። ይህ መመሪያ ከባሕር ዳር፣ ከዘጌ ወይም ከደቅ ተነስቶ በደሴት ዛፍና በዳርቻ ደንገል ላይ የሚራቡትን ለሚከታተል ቡድን ነው። ከነዚህም ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ኮርሞራንት (ትልቁም፣ ጅራተ ረጅሙ ትንሹም)፣ አንገቱ እንደ እባብ የሚጥመለመለው ዳርተር፣ ከብት ተከታዩ ሳቢሳ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነው ቅዱስ አይቢስ ይገኙበታል።

ከጀልባ በፊት፦ ፈቃድ

አብዛኛው ደህና ዛፍ ያለው ገዳም ባለበት ደሴት ላይ ነው። ዛፉ የቆየው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው፤ ወፉም የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ወደ አበምኔቱ ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ቀበሌው፣ ከዚያ የዱር እንስሳት ጉዳይ ወደሚመለከተው የክልሉ መሥሪያ ቤት። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ ብትደርሱ፣ በሩ ይከፈትላችኋል፣ ልቡ ግን አይከፈትም። «አባታችን፣ ወፎቹን ከሩቅ ልንቆጥር ነው፤ ዛፍ አንወጣም፣ ቅጠልም አንበጥስም» በሉ፤ ያላችሁትንም ፈጽሙ።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ቡድናችሁ ውስጥ ሴት ባለሙያ ካለች (ብዙ ጊዜ ጥሩዋ ቆጣሪ እሷ ናት) የነዚህን ደሴቶች ቆጠራ ሙሉ በሙሉ ከጀልባ አቅዱት። እውነቱን ለመናገር ለወፎቹም የሚሻላቸው ይኸው ነው።

ወፍ ለመያዝ፣ እግሩ ላይ ቀለበት ለማሰር፣ እንቁላል ለመለካት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሳም። ፈቃድ ቢኖራችሁም በማቀፍ ወቅት ከጎጆው በላይ አታንሳፉት፤ ወፎቹ እንደ ጭላት ነው የሚያዩት።

ዕቃ

ባይኖኩላር 8 በ42 ውሰዱ። 10 በ42 መሬት ላይ ይሻላል፣ ጀልባ ላይ ግን ይንቀጠቀጣል። የብስ ላይ ቆማችሁ ማየት ከቻላችሁ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው። በእጅ የሚጫን መቁጠሪያ ሁለት፣ የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ካሜራ አንድ፣ እርሳስ ብዙ። እስክሪብቶ አትያዙ፤ የክረምት ጭጋግ ገጹን ሁሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት። ሐይቁ ከቀትር በኋላ ነፋስ ያነሳል፤ ማዕበሉ ሲነሳ ታንኳ ላይ ሆኖ መቁጠር ቁጥሩንም ሕይወትንም ያሳጣል።

መቼ ይኬዳል

ጎጆ ሥራው በአመዛኙ ከክረምቱ ጋር ይያያዛል፣ ግን ወር ቆርጣችሁ አትጠብቁ። ከግንቦት ጀምሮ በየአሥር ቀኑ ከሩቅ አልፋችሁ ተመልከቱ። በአፉ ጭራሮ ይዞ ወደ አንድ ዛፍ የሚመላለስ ወፍ ካያችሁ ወቅቱ ገብቷል። ፔሊካን በጣና ላይ በመንጋ ይታያል፤ መታየት ግን መራባት አይደለም፤ ጎጆ እስካላያችሁ ድረስ በመዝገቡ «ይራባል» ብላችሁ አትጻፉ።

ጭራሮ ማመላለስ ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ያሉት ሁለት ሳምንታት እጅግ ስስ ናቸው። ገና ያልጣለ ወፍ ሲደነግጥ ሰፈሩን ጥሎ ይሄዳል፤ ከጣለ በኋላ ግን ለእንቁላሉ ሲል ይመለሳል። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ከ200 ሜትር በታች ቅረቡ ቢሏችሁም አትቅረቡ።

የማቀፊያ ጊዜውን ያዙት፤ የጉዞውን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። ከብት ተከታዩ ሳቢሳ ከ22 እስከ 26 ቀን፣ ትንሹ ኮርሞራንት 24 ቀን ገደማ፣ ትልቁ ከ27 እስከ 30፣ ቅዱስ አይቢስ 28 ወይም 29። በሁሉም ዘንድ ወንዱም ሴቷም በየተራ ያቅፋሉ፤ ስለዚህ ጎጆ ባዶ ከሆነ «እናቱ መኖ ፍለጋ ሄዳለች» ብላችሁ አትለፉት፣ አንድ ነገር ተፈጥሯል።

የቀኑ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ነው። በቀትር ፀሐይ ታቃፊው ቢነሳ ላባ ያላበቀለ ጫጩት በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ወፉ ጎጆው ላይ የሚቆመው ለማሞቅ ብቻ ሳይሆን ጥላ ለመሆንም ነው። ዝናብ ሲጥል ወይም ሊጥል ሲያስገመግምም አትሂዱ።

ቆጠራው

ጀልባውን ከ100 ሜትር በታች አታስጠጉት። ይህ መነሻ ነው፤ ትክክለኛውን ርቀት የሚነግሯችሁ ወፎቹ ናቸው። ተኝተው የነበሩ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ካቆሙ ደርሳችኋል ማለት ነው። አንድ ሁለቱ ከተነሱ ደግሞ አልፋችኋል፣ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ሞተሩን ሰፈሩ ፊት ለፊት ድንገት ማጥፋትና ማስነሳት ከሁሉም የከፋ ነው። ጀልባው ከሩቅ ጀምሮ በአንድ ፍጥነት ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይጓዝ። ደወልና ከበሮ በየጊዜው ስለሚሰሙ ለምደውታል፤ የሚያስበረግጋቸው ያልለመዱት ነው።

የመቆሚያ ቦታችሁን በሁለት ምልክት ያዙ፦ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከአንድ ዋርካ ጋር ሲሰለፍ። ጂፒኤስም መዝግቡ፣ ግን ጀልባውን ውሃው ይወስደዋል፣ ዓይን ግን ሁለቱን ምልክት ሲያሰልፍ አይሳሳትም። ከዚያ ቦታ ከግራ ወደ ቀኝ በተደራራቢ ፎቶ አንሱ።

ምን እንደሚቆጠር አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሚቆጠረው ወፍ የተቀመጠበት ወይም ጫጩት የታየበት ጎጆ ብቻ ነው። ወፍ አጠገቡ የቆመበት የአምና ጎጆ አይቆጠርም። ይህን ሳይስማሙ የሄዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ዛፍ ላይ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሁለቱም «በትክክል ቆጥሬያለሁ» ብለው ይምላሉ። ዝርያውን ደግሞ በጎጆው ሳይሆን በተቀመጠው ወፍ ለዩ። ነጮቹ በተለይ ያምታታሉ፦ ከብት ተከታዩ በመራቢያ ጊዜ ራሱና ደረቱ ወደ ቡና ወተት ይቀየራል፤ ትንሹ ነጭ ሳቢሳ መንቆሩ ጥቁር፣ እግሩ ጥቁር፣ ጣቶቹ ቢጫ ናቸው።

አሁን የማይቀረው ችግር፦ ቅጠል ጎጆ ይደብቃል። መፍትሔው ሁለት ሰው ነው። ፎቶው በትልቁ ይታተም። ሁለቱ ቆጣሪዎች ሳይነጋገሩ፣ በባይኖኩላር እያዩ፣ እያንዳንዳቸው ያዩትን ጎጆ በየራሳቸው ቅጂ ላይ በነጥብ ምልክት ያድርጉ። በኋላ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ሁለቱም ያዩትን ቁጠሩ። አንዱ 84፣ ሌላው 78 ቢያይና 72ቱ የጋራ ቢሆኑ፣ 84 በ78 ተባዝቶ ለ72 ሲካፈል 91 ይሆናል። ስለዚህ ሰፈሩ 91 ጎጆ ያህል ይዟል ማለት ነው፤ 84ም 78ም አይደለም። ሒሳቡ የሚሰምረው ሁለቱ ሳይነጋገሩ ከቆጠሩ ብቻ ነው። «ያቺን አየሃት?» ከተባለ በኋላ የጋራው ቁጥር ይገዝፍና ግምቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ቦታ ማንም ሊያየው የማይችል ከዛፉ ጀርባ ያለ ጎጆ ደግሞ በሒሳብ አይወጣም፤ ለእሱ ሌላ መቆሚያ ያስፈልጋል።

በወቅቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በየሦስት ሳምንቱ ቁጠሩ። የዓመቱ ቁጥር ከሦስቱ ትልቁ ነው። ሦስቱን አትደምሩ! እንቁላሉ የጠፋበት ጥንድ ዳግም ይጥላል፣ አርፍዶ የመጣም አለ፤ ስትደምሩ አንዱን ጥንድ ሁለቴ ትቆጥራላችሁ። በጥር የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራም ከዚህ ጋር አታወዳድሩ። ያ የሚቆጥረው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ እንግዶችን ጭምር ነው፤ በጣና ዳር በብዙ ሺህ የሚከርመው ግራጫ ክሬን የዚህ ምሳሌ ነው።

ጎጆዎቹ ይሳካላቸዋል ወይ?

ከሩቅ በደንብ የሚታዩ 30 ጎጆዎች ምረጡ፣ በፎቶው ላይ ቁጥር ስጧቸው፣ በየአራት ወይም አምስት ቀኑ በቴሌስኮፕ እዩአቸው። ዛፍ መውጣት የለም። ደንገል ውስጥ ዝቅ ብሎ የተሠራ ጎጆ ብቻ በሽመል ጫፍ በታሰረ ትንሽ የመኪና መስታወት ሊታይ ይችላል፤ ሰፈሩ ውስጥ ግን ከ10 ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ጫጩቶቹ አሥር ቀን ካለፋቸው ይህም ይቅር፤ በዚያ ዕድሜ ሲደነግጡ ከጎጆ ይወጣሉ፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃሉ፣ አይመለሱም።

ከ30ው 21ዱ ጫጩት አስፈለፈሉ እንበል። «70 በመቶ ተሳካ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ስህተትም ነው። እናንተ ከማየታችሁ በፊት የጠፉ ጎጆዎች በመዝገቡ የሉም። አሜሪካዊው የወፍ አጥኚ ሃሮልድ ሜይፊልድ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳየው መንገድ ይሻላል፦ ጎጆ ሳይሆን የጎጆ ቀን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ጎጆ በክትትላችሁ ሥር ስንት ቀን እንደቆየ ደምሩ። በሁለት ጉብኝት መካከል ለጠፋው የመካከሉን ግማሽ ያዙ። ድምሩ 420 ቀን ቢሆንና 9 ጎጆ ቢጠፋ፣ የአንድ ቀን ጥፋት 9 ለ420 ሲካፈል 0.0214 ነው። በሕይወት የማደር ዕድሉ 0.9786 ነው። ይህ ቁጥር ለ26 ቀን ማቀፊያ በራሱ 26 ጊዜ ሲባዛ 0.57 ይሆናል። ስለዚህ እውነቱ 57 በመቶ ነው እንጂ 70 አይደለም። በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ነገር ነው።

ጥበቃ

*የጀልባ ወሰን።* 20 ሊትር ጀሪካን ብርቱካናማ ቀለም ቀብታችሁ፣ ክዳኑን በሲሊኮን አሽጋችሁ፣ በገመድ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ድንጋይ ላይ እሰሩ። በ50 ሜትር ልዩነት ለ400 ሜትር ወሰን 9 ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው በገመዱ ርዝመት ነው። ሐይቁ ዝቅ የሚለው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው፣ ከፍ የሚለው በመስከረም፤ ልዩነቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። በሰኔ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ በ3 ሜትር ተኩል ገመድ የታሰረ ጀሪካን በመስከረም ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ወይም ድንጋዩን ጎትቶ ይሄዳል። የመስከረሙን ጥልቀት አስቡና በአንድ ተኩል አባዙት፦ 4.5 ሜትር ከሆነ ወደ 7 ሜትር ገመድ። የፕላስቲክ ገመድ ግን ይንሳፈፋል፤ የላላው ክፍል የሞተር ፕሮፔለር ላይ እንዳይጠመጠም መሐሉ ላይ ትንሽ ብረት እሰሩበት።

ጀሪካን ብቻውን አያቆምም፤ ጀልባ ነጂዎቹን አነጋግሩ። ቱሪስት ጉርሻ የሚሰጠው ወፍ ሲነሳለት ስለሆነ «አትቅረቡ» ማለት ገቢያቸውን መንካት ነው። ከወሰኑ ውጭ ጥሩ ፎቶ የሚወጣበትን ቦታና ሰዓት አሳዩአቸው፤ ያን ጊዜ ወሰኑን የሚያስከብሩት እነሱ ይሆናሉ። የንግሥ ቀናትን ከወዲሁ ያዙ። የገብርኤል ንግሥ ሐምሌ 19 በማቀፊያ መሐል ይውላል፤ ምእመናን የሚወርዱበትን ወደብ ከጎጆው ዛፍ ራቅ ማድረግ የሚቻለው ከሳምንታት በፊት ከአባቶች ጋር ከተመከረ ነው።

*አይጥና ድመት።* ደሴት ላይ አይጥ የሚደርሰው ከእህል ጆንያ ጋር ነው። ጆንያ ከጀልባ ሲወርድ ወደብ ላይ ይራገፍ፣ ይታይ። ለመመርመር የሻማ ሰም ቀልጦ ከተፈጨ ኦቾሎኒ ጋር ይቀላቀል፣ በክብሪት ሳጥን መጠን ይቆረጥ፣ በየ25 ሜትሩ ዛፍ ሥር ይታሰር። ከሦስት ሌሊት በኋላ ጥንድ ጥርስ ከፋቀው አይጥ አለ። ወጥመዱን በ4 ኢንች ፒቪሲ ቱቦ ውስጥ አስገቡት፤ ሜዳ ላይ የተጠመደ ወጥመድ መሬት የሚጭር ወፍ ይይዛል። የአይጥ መርዝ በጎጆ ሰፈር አይነዛም፤ የተመረዘውን አይጥ ጭላት ያነሳዋል። የገዳም ድመት ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። አይጥ እንድትይዝላቸው ነው የሚያኖሯት፤ ከመውሰድ ይልቅ ማምከንና ማታ ማታ ቤት ማሳደር ይሻላል።

*አርጃኖ።* አገሬው ነው፣ አይገደልም። ለብቻው በቆመ ዛፍ ላይ ግን መውጣቱን መከልከል ይቻላል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ላሜራ (ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ ለጥፍሩ መሰላል ይሆነዋል) ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን ያልብሱት። ሚስማር አትምቱ፤ ሁለቱን ጠርዝ በስፕሪንግ አያይዙ፣ ዛፉ ሲወፍር ይለጠጣል። ሐረግ ከተንጠለጠለ ወይም የጎረቤት ቅርንጫፍ ከነካ ላሜራው ጌጥ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ አትድከሙ።

*መረብ።* ኮርሞራንትና ዳርተር ጠልቀው ስለሚያድኑ በቀጭኑ የናይለን መረብ ይያዛሉ። በሕይወት ያለ ካገኛችሁ መጀመሪያ መነጽር አድርጉ፤ የዳርተርና የሳቢሳ መንቆር የሚሰነዘረው ወደ ዓይን ነው። ጋቢ ወይም ፎጣ ጣሉበት፣ ራሱን ከመንጋጋው ኋላ ያዙ፣ ክንፎቹን ከገላው ጋር አጥብቁ፣ ክሩን አንድ በአንድ ቁረጡ። የኮርሞራንትን አፍ በፕላስተር ወይም በገመድ አትሰሩ። የአፍንጫው ቀዳዳ በውጭ ዝግ ነው፣ በአፉ ነው የሚተነፍሰው፤ በእጃችሁ ላይ ታፍኖ ይሞታል። የሚቻል ከሆነ መረቡን ባለቤቱ ባለበት ቁረጡ፣ ያለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ የተያዘ ወፍ አይነገራችሁም።

*ደንገልና ፊላ።* ደንገል ለታንኳ፣ ፊላ ለጣሪያና ለምንጣፍ ይታጨዳል፤ ክልከላ አይሠራም። የሚሠራው መቀያየር ነው፦ ዘንድሮ ጎጆ ያለበት ጥግ እስከ ኅዳር ይቆይ፣ ሌላው ይታጨድ። የባሕር ሸሽ መሬት ለማረስ የሚለኮስ እሳት ግን በምንም ሁኔታ ደንገሉን እንዳይነካ ከቀበሌው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻም ቢሆን ከታቃፊ ወፍ አጠገብ በመቶ ሰው አይደረግም። እምቦጩን ቆይቶም መንቀል ይቻላል፣ እንቁላሉ ግን አይቆይም።

*ኩስ።* የማይቀር ቅሬታ ነው፦ «ወፎቹ ዛፋችንን አደረቁት።» እውነት ነው፣ አትካዱ። የኮርሞራንት ኩስ ቅጠሉን ይሸፍናል፣ አፈሩን በናይትሮጅንና በጨው ያቃጥላል፤ ለዓመታት የተቀመጡበት ዛፍ ይደርቃል። የደረቀውን አታስቆርጡ፣ ወፎቹ ደረቅ ቅርንጫፍ ይወዳሉ፤ ከተቆረጠባቸው ወደ ጎረቤት ለምለም ዛፍ ይዞራሉ፣ ቅሬታውም እጥፍ ይሆናል። ከ50 ሜትር ወዲያ ሾላ ትከሉ። ሾላ ከወፍራም ቁራጭ ይበቅላል፦ ክንድ የሚያህል ውፍረት፣ 2 ሜትር ርዝመት፣ ሲሶው መሬት ውስጥ፣ በሰኔ መግቢያ። ደረቅ ኩስ ባለበት ሥር ስትሠሩ ጭምብል አድርጉ፣ አቧራው ለሳንባ ደግ አይደለም።

*ድንገተኛ ሞት።* በአንድ ጉብኝት የአንድ ዝርያ አምስትና ከዚያ በላይ የሞተ ትልቅ ወፍ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ዙሪያውን ቁጠሩ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የዚያኑ ዕለት አሳውቁ። ጫማችሁን በበረኪና ሳታጥቡ ወደ ሌላ ደሴት አትሂዱ።

መዝገቡ

ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ጻፉ፣ ሰዓቱንም እንዲሁ። «2 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቆጠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ጠዋት ይሁን ሌሊት የሚያውቅ የለም። ነፋስ፣ ደመና፣ የቆጣሪዎች ስም፣ የጀልባ ዓይነት፣ የተነሱ ወፎች ቁጥር ይግቡ። የመጨረሻው ዓምድ ብዙዎች የሚተዉት ነው፣ ግን እናንተ ያደረሳችሁትን ረብሻ የሚለካው እሱ ብቻ ነው፤ ከጉዞ ጉዞ ከጨመረ ርቀታችሁን አስፉ። ዜሮም ቁጥር ነው፦ ሄዳችሁ ምንም ጎጆ ካላያችሁ «0» ጻፉ፣ ባዶ አትተዉት።

የመጨረሻው ጫጩት ከበረረ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር፣ አሁን ዛፉ ሥር መግባት ይቻላል። የወደቁ ጎጆዎችን ፈትሹ፦ ወፎቹ የናይለን ክርና የመረብ ቁራጭ ለጎጆ ይጠቀማሉ፣ ጫጩትም እግሩ ተጠምዶ የሚቀር አለ። ያገኛችሁትን ክር ሰብስባችሁ መዝኑ፣ ከመዝገቡ ጋር አስገቡት። ጀሪካኖቹን ከውሃ አውጡ፣ ገመዳቸውን ለኩ፣ የተበላውን ቀይሩ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ።